አንድ ሜትር ከሃያ

ኤምሸር ወንዝ አጠገብ፣ ከሰሉ ባለቀበት፣
ቆፋሪው ፋኖሱን ምስማር ላይ በሰቀለበት፣
ገርሊንደ የምትባል ሴት፣ መስመር የምትስል፣
ብረት በእርሳስ የምታጥፍ፣ ያለ እሳት ያለ ከሰል፣
አንድ ባቡር አሰበች፤
ከማማ ጫፍ ተለቆ ቁልቁል የሚወረወር፣
በአሮጌው ጉድጓድ አፍ ገብቶ በጨለማ የሚሰወር፣
ስልሳ ሜትር ወርዶ፣ ሦስት ጊዜ ተጠማዝዞ፣
ድሮ ከሰል በወጣበት የሰው ጩኸት ጭኖ ይዞ
ብቅ የሚል ነበር።
ነበር አልኩ፤
ባቡሩ ከዚህች ቃል ሌላ ጣቢያ አላገኘም።

ኦትማርን ፈልጋ አገኘች፤ ሠላሳ ዓመት የቆፈረ፣
ጉድጓዱ ሲዘጋ ከሰሉ በሳንባው የቀረ።
«ድምፁን ንገረኝ» አለችው፣ «እታች ሲወረድ ያለውን።»
«ዝም ይባላል» አላት፣ «ሁሉም ይሰማል ገመዱን።»
ከወረቀቱ ዳር ጻፈች፦ እዚህ ጋ ሙዚቃ የለም።

ግን ከሐዲዱም በፊት የሳለችው ወረፋውን ነበር፤
ዘጠና ደቂቃ የሚያስቆም፣ እንደ አንጀት የታጠፈ አጥር፤
ዝናብ የሚመልስ ጣሪያ፣ አያት የሚያርፍበት ድንጋይ፣
አይስክሬም ላንጠባጠበ ልጅ ቧንቧ፣ ከድንጋዩ በላይ፤
በሩ ላይ አንድ ሰሌዳ፦ «ከዚህ መስመር ያነሰ
አይሳፈርም።» አንድ ሜትር ከሃያ።

መስመሩን የሞከረችው በልጇ በዊብከ ነው፤ ከማድቤቱ በር
አስደግፋ አቆመቻት፤ በቀይ እርሳስ አንድ መስመር።
አራት ዓመቷ ነበር። አንድ ስንዝር ጎደላት።
«እዚህ ስትደርሺ የፊቱ ወንበር ያንቺ ነው» አለቻት።
ልጅቷ ጎመን በላች፣ እየጠላች።
ተንጠራርታ ተኛች።
ካርቶን አጥፋ ጫማዋ ውስጥ ከተተች።
እሁድ እሁድ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ተለካች።

ባንኩም ይለካ ነበር፤ የእርሱ ሜትር ግን ሌላ ነው።
ማክሰኞ ቀን ደብዳቤ መጣ። ሁለት አንቀጽ። «እናዝናለን።»
የውኃ መሳቢያው ቆመና ውኃ ጉድጓዱን ሞላው፤
የጣቢያውን ቦታ የምንጣፍ መጋዘን ወረሰው፤
ኦትማርም በዚያው የበረዶ ወራት ሳሉን ይዞ ሄደ።
ዊብከ መስመሩን የነካችው ሰባት ዓመት ሲሞላት ነበር፤
«ደረስኩ!» ብላ ሮጠች። እናቷ ድንች ትልጥ ነበር።
መላጧን አላቆመችም።

አሁን ዊብከ ሠላሳ ስምንት ናት፤ በሩን ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው፤
ቤቱም ተሸጧል። ምድር ቤት ገብታ፣ አይጥ ጠርዙን የበላው
ጥቅል ወረቀት አገኘች። ወደ አረጋውያን ማረፊያው ወሰደችው፤
በሁለት የመድኃኒት ብልቃጥ፣ በአንድ የሻይ ስኒ፣ በመነጽር ቤት
አራት ማዕዘኑን ጫነችው።
የእናቷን ጣት ያዘች፤ ከማማው ጫፍ ላይ አኖረች።
ጣቲቱ ተንቀጠቀጠች፤
ቀስ አለች፤
ከዚያ ወረደች።
ጉድጓዱ አፍ ስትደርስ ገርሊንደ ዓይኗን ጨፈነች፤
«አጥብቀሽ ያዢ» አለች።
አንደኛው መታጠፊያ፤ የዊብከ ሆድ ባዶ ሆነ፣ በእውነት፣ ባዶ።
ሁለተኛው።
ሦስተኛው ላይ ጣቷን አቆመች፦
«እዚህ ጋ ስሌቱ ስህተት ነው። ያኔም አውቀዋለሁ።
የሰው አንገት ይሰብር ነበር። ደብዳቤው የመጣ ማታ
የተኛሁትን እንቅልፍ ዳግመኛ ተኝቼ አላውቅም።»
«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»
«አንቺ እኮ ገና ታድጊ ነበር።»

ነርሷ ሾርባ ይዛ ገባች፤ ወረቀቱን ልታነሳ አለች።
«ይቆይ» አሏት ሁለቱም፤
ገና ከጉድጓዱ አልወጡም።